የብርቄ ልጅ ሰማንያኛ ቀን

በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት። ወንዱ ክርስትና ሊነሣ ሲሄድ የካምፑ መኪና ተሰጠው። ሴቷ ቀኗ ሲደርስ ግን እንኳን መኪና የይለፍ ወረቀትም ተከለከለች። ይህ በደል ነው። ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገውም ይኸው ነው። በዳዩ ማን እንደሆነ መለየት ግን ያን ጊዜ እንደመሰለኝ ቀላል አልነበረም። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና እናንተው ፍረዱ።

ዘነቡ እባላለሁ። ይህ ሲሆን ልጆቼን ሁሉ ድሬ፣ ሦስት የልጅ ልጅ አይቼ ነበር። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። አገራችን ደባርቅ ነው፤ ጧት ከቤት ሲወጡ ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ የሚጠብቅበት፣ ሰው ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ በዓይኑ ብቻ ሰላም የሚባባልበት አገር። ባለቤቴ ቄስ ሞላ እዚያ ሠላሳ ዓመት ቀድሰዋል።

አንድ በጋ ሊያልቅ ሲል ካህናቱ ተሰብስበው ሳለ ከበላይ የተላከ ሰው መጣና እንዲህ አለ፦ «ወደ መተማ ቆላ ለሰሊጥ የሚወርደው ሕዝብ ያለ አባት ነው። በወባ ሲሞት የሚፈታው የለም፤ ሲወልድም የሚያጠምቅለት ሩቅ ነው። በዕድሜ የበሰለ ቄስ ከነባለቤቱ ቢወርድልን።»

ወጣቶቹ ቄሶች ወባውን እያሰቡ መሬት መሬት አዩ። የኔም ሰውዬ ዝም አሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበርና «እኛ እንወርዳለን!» ብዬ ዘው አልሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ «ዘነቡ፣ እኔ እኮ ዝም ያልሁት ለማሰብ ነበር» አሉኝ።

«ያስቡ፤ እኔ እስከዚያው ስንቅ ላሰናዳ» አልኋቸው።

ለአንድ አዝመራ ብለን ወርደን ሦስት ዓመት ቆየን። ሞኝነቴን እዩልኝ፤ ሁለት ጋቢና አንድ በርኖስ ይዤ ነው የወረድሁ። የመጀመሪያው ቀን ሽንፋ ላይ ከመኪና ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊቴን ገረፈኝ። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት በርኖሱን በትከሻዬ ላይ አይታ «እናቴ፣ ታመሻል?» አለችኝ።

ያረፍንበት የእርሻ ካምፕ ከሽንፋ ወዲያ በእግር የአንድ ቀን ያህል ይርቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሽንፋ ነው። ኃላፊው ጓድ ታደሰ ይባላል፤ ሠላሳ ያልሞላው የዳንግላ ልጅ፣ ኮፍያውን ተኝቶም የማያወልቅ የሚመስል። ባለቤቴን ያስገባቸው በአንድ ውል ነው። «ቄስ ካለ ሠራተኛው በዓል ደረሰ ብሎ አይኮበልልብኝም። ስብከት ግን የለም» አለ። ባለቤቴም አልሰበኩም። የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የሞተ ይፈታሉ፣ ከሠራተኛው ጋር ሽሮ ይበላሉ። ስብከት ማለት ይኸው መሆኑን ጓድ ታደሰ አላወቀም፤ እኛም አልነገርነው።

ልጆቹ የተወለዱት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ በአረም ጊዜ ነው። የወንዱ እናት የሺ፣ የሴቷ እናት ብርቄ። ሁለቱንም በአንድ ራኩባ ውስጥ ያዋለድሁ እኔ ነኝ፤ ራኩባ የቆላ ሰው በእንጨትና በሣር የሚሠራው ዳስ ነው። ብርቄ የላስታ ልጅ ናት። ባሏ ደመቀ ሰሊጥ ይጭናል፣ ያወርዳል። ከዚህች በፊት አንድ ልጅ ወልዳ ነበር፤ በሁለት ሳምንቱ ታመመና ነፍሱ ሳትወጣ በጥድፊያ ተጠመቀ፤ ወዲያው ሞተ።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። እናትየውም እስከዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። የየሺ ልጅ አርባ የሞላው መስከረም መግቢያ ላይ ነው። አረሙ አልቋል፣ ሰሊጡ ገና ነው፣ መኪናው ወደ ሽንፋ ባዶውን ይሄዳል። ጓድ ታደሰ እናትና ልጅን ከሹፌሩ ጎን አስቀመጠልን፤ እልል ብለን ሸኘን። ብርቄ ልጇን አቅፋ መንገድ ዳር ቆማ ነበር።

«የኔዋስ እማማ?» አለችኝ።

«የአንቺዋም እንዲሁ ትሄዳለች። በሰማንያዋ» አልኋት። ቃል ገባሁ ማለት ነው።

ሰማንያዋ የዋለው ጥቅምት ውስጥ፣ እሑድ ቀን ነው። ያን ሳምንት ሰሊጡ አፉን መክፈት ጀመረ። ሰሊጥ የሚታጨደው ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ሳይከፈት ነው፤ ከተከፈተ ነፋሱም ወፉም ይወስደዋል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ሰንበት የለም፣ በዓል የለም፣ ይለፍ የለም። ያን ጊዜ ደግሞ ያለ ይለፍ ወረቀት የትም አይኬድም።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ወደ ጓድ ታደሰ ሄድሁ። ሁሉን ነገርሁት።

«እማማ፣ ሰሊጡን አያዩትም? አንድም ሰው አልለቅም» አለኝ።

«ለወንዱ ለቅቀህ አልነበር?»

«ያኔ ሥራ አልነበረም።»

«ታዲያ ሥራ ባለበት መድረሷ የልጅቷ ጥፋት ነው?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠና ፈገግ አለ። «እማማ ዘነቡ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጆቹ የተወለዱት በአንድ ቀን ነው?»

«በአንድ ቀን።»

«መኪናው በሄደ ጊዜ ሁለት እናት የሚይዝ ቦታ ነበረው?»

«ነበረው።»

«ታዲያ ሴቷን ያስቀራት ማን ነው? እኔ ነኝ? እኛ ሴትና ወንድ እኩል ነው ብለን በየስብሰባው ስንጮህ፣ እርስዎ ከፊት ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ አይቻለሁ። ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ያለው ማን ነው? መጀመሪያ ይሂዱና ባለቤትዎን ይጠይቁ።»

እንግዲህ እኔ ከዳኛም ከጭቃ ሹምም ተሟግቼ አፌን ያልያዝሁ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ረታኝ። እውነቱን ነው! ግን ደግሞ ብርቄ እዚያ ራኩባ ውስጥ ልጇን ታጠባለች።

«እጠይቃቸዋለሁ» አልሁት። «እናንተና እሳቸው እስክትከራከሩ ግን ልጅቷ መሀል ላይ አትቀርም። ምን ቢሆን ትለቃለህ?»

ለመቀለድ ይመስለኛል በአገጩ ወደ ማሳው አመለከተኝ። «የብርቄና የባሏ ድርሻ ያ ነው፤ ከግራሩ እስከ ጉድባው። እስከ ዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ ካስረከባችሁኝ ቅዳሜ ጧት ይለፉንም መኪናውንም እሰጣለሁ።»

የአራት ቀን ሥራ ነው። ያለን ሁለት ቀን ተኩል ነው።

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ማታ እራት ስንበላ ባለቤቴን ጠየቅሁ። «አባቴ፣ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ የሚሆነው ለምንድን ነው?»

«አዳም በአርባ ቀኑ ገነት ገባ፤ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገባች። በዚያው ሥርዓት ነው።»

«ይኼንንስ አውቃለሁ። አዳም ከገባ በኋላ ሔዋን አርባ ቀን ውጭ ምን ስትሠራ ቆየች?»

ጉርሻቸውን ይዘው ቆሙ። «አልተጻፈም።»

«ለምን አልተጻፈም?»

«ዘነቡ፣ እራትሽን ብዪ።»

ቆየት ብለው ግን ነገሩ እሳቸውንም እንቅልፍ እንደነሣቸው ነገሩኝና ጧት ወደ ብርቄ ሄዱ። «ልጄ፣ ይለፉ እምቢ ካለ እዚሁ ላጥምቃት እችላለሁ፤ ለችግር ጊዜ ተፈቅዷል» አሏት።

ብርቄ ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። «አባ፣ በኩሬ በጣር ላይ ነው የተጠመቀው። ይቺን ለሞት ስንቅ አላስጠምቃትም። በቀኗ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ እንደ ሰው ልጅ፣ እየጮኸች ትጠመቅልኝ።»

ባለቤቴ ወጥተው ማጭድ ፈለጉ።

ሐሙስ ሁሉም በየድርሻው ነው። ደመቀ ደግሞ ጧት የአምናውን ሰሊጥ ከጫነው መኪና ጋር ወደ መተማ ዮሐንስ ወረደ። ብርቄን «አንቺ አጥቢ፤ እኛ አለን» ብዬ አስቀረኋት። ሁለታችን ሽማግሎች ማሳው ውስጥ ገባን።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሙ። እኔ የገብስ አገር ሰው ነኝ። ገብስ ይታጨዳል፣ ነዶው ይታሰራል፣ ራሱ ወደ ውስጥ ተደርጎ ይከመራል። የቆላ ሰዎች ግን የሰሊጡን ነዶ እየደገፉ ራሱን ወደ ሰማይ አድርገው ያቆሙታል፤ ሂላ ይሉታል። ያን ሳምንት ነው ያየሁት። ያየሁትም በንቀት ነው፤ ለመከመር የሰነፈ ሰው ሥራ መስሎኝ።

እየከመርሁ ሳለ ባለቤቴ ነዶ እያቀበሉኝ «ሌሎቹ ያቆሙታል መሰለኝ» አሉ።

«ስንፍና ነው። ዝናብ ቢመጣስ?»

«በጥቅምት? መተማ?»

«ዝም ብለው ያቀብሉኝ!»

አቀበሉኝ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከኔ ቁመት የሚበልጥ፣ ጫፉ የሾለ፣ የደባርቅ ሰው አይቶ የሚመርቀው ክምር ቆመ። ጀርባዬን ይዤ ወደ ኋላ ብዬ ሳየው ኮራሁ።

አበጀ የሚባል የጎጃም ልጅ፣ የአጫጆቹ አውራ፣ ድርሻውን ጨርሶ ሊያግዘን መጣ። ክምሩን ሲያይ ቆመ። በአፉ የያዛትን ሰንበሌጥ አወጣት።

«እማማ ዘነቡ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ክምር ነዋ!»

«የምን?»

«የሰሊጥ! ዓይን የለህም?»

«ሰሊጥ ይከመራል?»

ቀረብ ብሎ አንዲት ነዶ ሳብ አደረገ። ሰሊጡ ሽርርር ብሎ እንደ አሸዋ ወረደ። ብዙው አፉን ከፍቶ ኖሮ፣ ራሱን ዘቅዝቀን ስንጭነው መሬት ጠጥቶታል። ለካ ወደ ሰማይ የሚቆመው ቅርፊቱ ሲከፈት ፍሬው ከውስጥ እንዲቀመጥ ነው። አበጀ ጉልበቱን ይዞ ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። ድንገት ግን ሳቁ ቆመ። ጓድ ታደሰ ከኋላችን መጥቷል።

ጎንበስ ብሎ ከመሬት አንድ እፍኝ ሰሊጥ ከነአፈሩ አነሣ። ጉንዳኖቹ ቀድመውት ደርሰዋል።

«እማማ፣ የመንግሥትን ሰሊጥ ለጉንዳን ነው የዘሩት?» አለ። ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረም። «ሌላ ሰው ቢሆን አሻጥር ብዬ እጽፍ ነበር።»

አሻጥር በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። ሰው ተይዞ የሚሄድባት ቃል ናት። አበጀ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደ።

«ጻፍ» አልሁት። «ግን የኔን ስም ጻፍ። የብርቄን እንዳትጽፍ፤ እሷ እዚህ አልነበረችም። የሳቸውንም እንዳትጽፍ፤ እሳቸው ነግረውኝ እምቢ ያልሁ እኔ ነኝ።»

ባለቤቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጓድ፣ ነዶውን ያቀበልሁ እኔ ነኝ። ስሜ ይግባ።»

«አይገባም!» አልሁ።

«ይገባል እንጂ!»

ጓድ ታደሰ ተራ በተራ አየን። ሁለት ሽማግሎች ለመታሰር ሲሻሙ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። አፈሩን ከእጁ አራገፈ። «ከነገ ፀሐይ መጥለቂያ በፊት ይቃና። ውሉ ያው ነው» ብሎ ሄደ።

ክምሩን መሬት ላይ ብናፈርሰው የቀረውም ይፈሳል። ሸራ ደግሞ የለንም። ያኔ ጋቢዎቼ ትዝ አሉኝ። ሮጬ ሁለቱን ጋቢና በርኖሱን አመጣሁ፤ እግሩ ሥር አነጠፍናቸው። ነዶውን እንደ ሕፃን እያቀፍን አንድ በአንድ እያወረድን ጋቢው ላይ አራገፍነው። ጥጡ የተፈተለው ለደባርቅ ውርጭ ነበር፤ በመተማ ሰሊጥ ለቀመ። ሲመሽ ከጋቢዎቹ ላይ ሁለት ጆንያ ሰሊጥ ሰበሰብን። ቀሪው የጉንዳን ሆነ፤ ይብላው።

ዓርብ ጧት ነዶዎቹን ማቆም ተማርሁ። አበጀ መምህሬ ሆነ። «ይደገፉ፣ እማማ። እንደ አማትና ምራት ተደጋግፈው ይቁሙ፤ ብቻቸውን ይወድቃሉ» ይለኛል። ግን ገና ያልታጨደው ብዙ ነው። ቀትር ላይ ከግራሩ ወደ ጉድባው ሳይ ልቤ ከዳኝ። ብርቄም ልጇን አዝላ መጥታ ታጭድ ጀመር፤ ብከለክላትም አልሰማችኝም።

ያኔ አበጀ ማሳው ጫፍ ላይ ወጥቶ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ፦ «ደቦ ነው! የብርቄ ደቦ ነው! የወደደ ይምጣ!»

ደቦ ሲባል ደጋ የቀረው ቀዬ ትዝ የማይለው ሠራተኛ የለም። የጎጃሙ፣ የወሎው፣ የበጌምድሩ ድርሻውን እየጨረሰ ማጭዱን እየወለወለ መጣ። ለደቦ ምግብና መጠጥ ያስፈልጋል፤ ብርቄ ምንም የላትም። እኔ ከደባርቅ ያመጣሁት የገብስ በሶ ነበረኝ፤ ጾምም ስለሆነ ደግ ሆነ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥሁትን አንድም ሳላስቀር በጥብጬ በጣሳ አዞርሁ። አበጀ ከፊት ሆኖ ግጥም አወጣብኝ፦

ዘነቡ ከመረች ሰሊጡን እንደ ገብስ፣
ጉንዳን ክርስትና ተነሣ በድግስ!

ማሳው በሳቅ ተናወጠ። ከፊት ያለው ይላል፣ ከኋላ ያለው ይመልሳል፤ ማጭዱ በግጥሙ ይሄዳል። ባለቤቴ ሳይቀሩ ይቀበሉ ነበር። «እርስዎም!» ብላቸው «ዜማው ጥሩ ነው» አሉኝ።

ፀሐይዋ ቀልታ ሱዳን ላይ ስትንጠለጠል የመጨረሻው ሂላ ቆመ። ጓድ ታደሰ መጣ። አንዱን ሂላ በእጁ ገፋ፤ አልወደቀም። ሌላውን ገፋ። እስከ ጉድባው እየገፋ ሄደ፤ እኛም ተከተልነው። መጨረሻው ላይ ዞሮ «ተረክቤያለሁ» አለ። እልልታው ሽንፋ የተሰማ ይመስለኛል።

ደስታችን ግን ያደረው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ቅዳሜ ጧት ይለፉ ተጽፎ ሳለ መኪናው የለም። ከመተማ ዮሐንስ አልተመለሰም።

ብርቄ ልጇን በነጭ ነጠላ ጠቅልላ ቆማለች። በእግር እንዳንሄድ በዚያ ፀሐይ ልጅቷ አትችልም። ሁሉም ጓድ ታደሰን ያየዋል። እኔ ብዙ አልተናገርሁም፤ «ለወንዱ መኪና ነበረ» ብቻ አልሁት።

ኮፍያውን አወለቀ። ራሱ ላይ ፀጉር መኖሩን ያን ጊዜ አየሁ። ራሱን አከከና ወደ ትራክተሩ ሹፌር ዞሮ «ተጎታቹን ግጠም!» ብሎ ጮኸ።

«ለወንድ መኪና፣ ለሴት ትራክተር? ይኼም አድልዎ ነው» አልሁት።

«እማማ! ትራክተር ከመኪና ይወደዳል! አሁን ይውጡ!»

ብርቄን፣ ባለቤቴንና እኔን አሳፈረ። ዞር ሲል ተጎታቹ ላይ ሃያ ሰው ወጥቷል።

«ይኼ ሁሉ ምንድን ነው? ይለፍ የጻፍሁት ለሦስት ሰው ነው!»

«እኔ የክርስትና አጎት ነኝ፣ ጓድ» አለ አበጀ።

«እኔ ደግሞ አክስት» አለ ከኋላ ጢሙ ደረቱ የደረሰ የወሎ ሰው።

ጓድ ታደሰ ከኮፍያው ሥር ሳቁን ሲውጥ አየሁት። «ነገ ማታ ያልተመለሰ ሰው ቢኖር ቄሱን ነው የምጠይቅ» ብሎ፣ አላምን ስላለን ነው መሰለኝ፣ ራሱም ከሹፌሩ ጎን ወጣ።

ትራክተር ቀርፋፋ ነው። አቧራው የሁላችንንም ፀጉር አሸበተው፤ «አሁን ሁላችንም እኩዮች ሆንን» አልኋቸው። ልጅቷ ግን መንገጫገጩ ተስማማት፤ ተኝታ ሄደች። ሽንፋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከወዲያ አቧራ እያስነሣ መኪና መጣ። የእኛው መኪና ነው! ደመቀ ጭነቱ ላይ ቆሞ ነበር። ትራክተሩን፣ ሰዉን፣ ሚስቱን ሲያይ መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወረደ።

«ምን ሆናችሁ? ልጄ ምን ሆነች?»

«ምንም! ነገ ክርስቲያን ልትሆን ነው!» አለችው ብርቄ።

እመንገዱ መሀል ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሹፌሩም መኪናውን አዙሮ ተከተለን።

እሑድ ሲነጋጋ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆምን። ብርቄ ሰማንያ ቀን ያልረገጠችውን ደጅ ስትረግጥ ጎንበስ ብላ መድረኩን ሳመች። የክርስትና እናትነቱን ለኔ ሰጠችኝ፤ ልጅቷን ያቀፍሁ እኔ ነኝ፣ ያጠመቁ የኔ ሰውዬ። ውኃው ሲነካት ያቺ ጸጥተኛ ልጅ አገር ይያዝልኝ ብላ ጮኸች። የባለቤቴ ድምፅ እስኪጠፋ ጮኸች። ሌሎች እናቶች ልጃቸው ሲያለቅስ ይሳቀቃሉ። ብርቄ ግን እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር። «ስሙልኝ! ድምፅዋን ስሙልኝ! ይኼ የጣር ድምፅ ነው?»

አይደለም። ያን ጩኸት የሰማ ሰው ሁሉ መቶ ዓመት እንደምትኖር ያውቃል።

ስወጣ ጓድ ታደሰ ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቆሟል፤ ኮፍያው በእጁ ነው። የፓርቲ ሰው ነውና አልገባም። ከጸበል ዳቦው ቆርሼ ሰጠሁት፤ ግራ ቀኝ አይቶ በላ።

«ባለቤትዎን ጠየቋቸው?» አለኝ።

«ጠየቅሁ። አልተጻፈም አሉኝ።»

«እኛም ዘንድ ያልተጻፈ ብዙ ነው፣ እማማ» አለና ኮፍያውን አደረገ።

ሴቷ በትራክተር ሄዳ በመኪና ተመለሰች። ካምፕ ስንደርስ የሺ ወንድ ልጇን ታቅፋ ጠበቀችን፤ «የኔ ልጅ በመኪና ብቻ! ይኼ አድልዎ ነው!» ብላ እውነቷን ተቆጣች። ትክክሏን ነው።

እናንተ የምታነቡ፣ ከዚያ ሳምንት በፊት እኔ ፍርድ የምጠይቀው ከሹም ብቻ ነበር። ከቤቴ ጠይቄ አላውቅም፤ ከቤተ ክርስቲያኔማ ጭራሽ። ያ ሃይማኖት የለኝም የሚል ልጅ «መጀመሪያ ባለቤትዎን ይጠይቁ» ሲለኝ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን አመሰግነዋለሁ። ሥርዓቱን አልተውሁም፤ ሴቶቹ የልጅ ልጆቼም በሰማንያቸው ነው የተነሡት። መጠየቁንም አልተውሁም። የሚወዱትን ቤት መጠየቅ ቤቱን ማፍረስ የሚመስለው ሰው ካለ፣ እኔ ሰማንያ ተሻግሬ እየጠየቅሁ አለሁ፤ ቤቱም ቆሟል። ደግሞም ስለ ሂላው አስቡ። ትክክል መሆኔን እርግጠኛ ሆኜ የከመርሁት ነው የፈሰሰው። ስለዚህ ተቆጡ፤ ግን አጠገባችሁ ያለው ሰው «ሌሎቹ ያቆሙታል መሰለኝ» ሲላችሁ ጆሮ ስጡ።

በሦስት ዓመቱ ደባርቅ ተመለስን። በነዚያ ዓመታት ያገኘሁትን ካህን ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ ሁሉም «አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ» ይለኛል፤ የምታውቁትን። በተመለስን ማግስት ጧት ውርጭ ጥሎ ነበር። የሰሊጥ ሽታ የቀረበትን ጋቢ ለሁለት ተከናንበን ግድግዳው ሥር ፀሐይ እንሞቃለን። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ እንደ ልማዴ ጠየቅሁ።

«አባቴ፣ ሔዋን ያን አርባ ቀን ውጭ ምን ስትሠራ ቆየች?»

«አልተጻፈም» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ጋቢውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉልኝ።

«ሦስት ዓመት አሰብሁበት» አሉ። «ደጁ ላይ ቆማ መላእክቱን 'ለምን?' እያለች ስትሞግት ነው የቆየች። በሰማንያኛው ቀን መልስ ቢያጡ ጊዜ አስገቧት።»